የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጨዋታው ሲጦፍ ድርቅ የሚለው ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። የ22 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ቀን ቀን ከአጎቴ ጋር በእህል ንግድ እሠራለሁ። ባለፈው መስከረም ያገለገለ የጌም ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ ገዝቼ በአውቶቡስ አስመጣሁ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 2600፣ ግራፊክስ ካርዱ ባለ 8 ጊጋባይት አር ኤክስ 580 ነው። ራሙ 16 ጊጋባይት ሲሆን ግማሹን በኋላ የጨመርሁት እኔ ነኝ። ፊልም ሳይም ሆነ የእግር ኳስ ጌም ስጫወት ምንም አይል። ከባድ ጌም ስከፍት ግን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይሄድና ምስሉ ድርቅ ይላል፤ ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ተቸክሎ ይንጫጫል፤ ከዚያ ስክሪኑ ይጠቁርና ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። ማታ ማታ ይብስበታል። ዊንዶውስ ሁለት ጊዜ አስጫንሁ፤ ለውጥ የለም። አንድ ባለሙያ ‹ካርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ› ብሎኛል። ሌላ ካርድ የስድስት ወር ቁጠባዬን ይበላል። ልግዛ ወይስ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ አትግዛ፣ ወንድሜ። የምነግርህን ሳትሠራ ለካርድ ብለህ አንዲት ብር ከኪስህ አታውጣ።

እንዲህ አጥብቄ የምናገረው ምክንያት ስላለኝ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ የጥገና ሱቅ ከከፈትሁ 17 ዓመት ሆነኝ። የዛሬ አራት ዓመት አንድ መምህር የልጃቸውን ኮምፒውተር ተሸክመው መጡ፤ እንዳንተው ጌም መሐል የሚጠፋ ነበር። እኔም ቸኩዬ «ካርዱ ነው» አልኋቸው። ከደመወዛቸው ቆጥበው ሌላ ካርድ አስመጡ። ገጠምሁት፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያው ሆነ። ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም የሶኬቱን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያድለው ሣጥን ነበር። የእጄን ዋጋ መለስሁላቸው፤ የካርዱን ግን መመለስ አልቻልሁም። ያ «ተቃጥሏል» ያልሁት ካርድ እስከ ዛሬ በደኅና ይሠራል። የመምህሩን ፊት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ኃይሉንና ሙቀቱን ሳልመረምር በካርድ ላይ ፈርጄ አላውቅም።

ከደብዳቤህ ዓይኔን የያዘው «ማታ ማታ ይብስበታል» ያልኸው ነው። የተቃጠለ ካርድ ቀንና ማታ አይለይም። ስለዚህ ደውዬ ሦስት ነገር ጠየቅሁህ፤ አንባቢዎችም እንዲጠቀሙበት እዚህ ልድገመው። በፓወር ሰፕላዩ ጎን የተለጠፈው ወረቀት ምን ይላል? ለካርዱ ኃይል የሚሰጠው ገመድ ከየት ይነሣል? ኮምፒውተሩ በሚጠፋበት ሰዓት ቤት ውስጥ ሌላ ምን ተሰክቷል? ለአሥር ቀንም በደብተር እንድትጽፍ ነገርሁህ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ጌሙ ስንት ደቂቃ እንደ ሄደ፣ አጠፋፉ ምን እንደሚመስልና ቤት ውስጥ ምን እንደ በራ።

የላክህልኝ የደብተር ገጽ አኮራኝ። በአሥር ቀን ሰባት ጊዜ ጠፍቶብሃል። ከሰባቱ አምስቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከአምስቱ ደግሞ አራቱ ማክሰኞና ዓርብ ላይ ውለዋል፤ ጎናቸው ላይ ዘንበል ባለ እጅ ጽሑፍ «እማዬ እንጀራ ትጋግራለች» ብለህ ጽፈሃል። በእነዚያ አራት ምሽቶች ኮምፒውተሩ የቆየው 30 ደቂቃ ሳይሆን አምስትና ስድስት ደቂቃ ብቻ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ቀላል ሸክም አይደለም። ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ 3.5 ኪሎ ዋት የሆነው በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል። ሽቦው ቀጭን ወይም መስመሩ ረጅም ሲሆን ምጣዱ በተሰካ ቁጥር የመላው ቤት ቮልቴጅ ዝቅ ይላል፤ አምፖሉ ሲደበዝዝ የምታየው ይህንን ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጎረቤትህ በቴስተር የለካልህ ቁጥርም ያንኑ ይናገራል፦ ቀን 216፣ ማታ 189፣ ማታ ምጣዱ ሲሰካ 168 ቮልት። የፓወር ሰፕላይህ ወረቀት ደግሞ «ከ200 እስከ 240 ቮልት» ይላል። 168 ከሚችለው በጣም የወረደ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ የገባው ሰው ዳግመኛ አይታለልም። በፓወር ሰፕላይ ሆድ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትልቅ ካፓሲተር አለ፤ እንደ ውኃ በርሜል አስበው። መስመሩ ለቅጽበት ሲደክም ማሽኑ የሚጠጣው ከበርሜሉ ነው። ያንተን በመሰለው ቀላል ፓወር ሰፕላይ በርሜሉ የሚይዘው ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ በካሬ ነው የሚወርደው። በ168 ቮልት የሚጠራቀመው በ216 ቮልት ከሚጠራቀመው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ጌሙ ደግሞ ጥሙ የበረታ ነው፤ ፍንዳታ ወይም ግጭት ያለበት ትዕይንት ሲመጣ ካርዱ በአንዴ ይጎነጫል። በርሜሉ ጎዶሎ፣ ጥሙ ብርቱ ሲሆን ለማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ ለሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) መሄድ ያለበት 12 ቮልት ይወርዳል። 12 ቮልቱ ከ11.4 በታች መውረድ የለበትም፤ ከወረደ ማሽኑ ይደነግጣል፣ ይደርቃል ወይም ይጠፋል። የእግር ኳሱ ጌም የማይጠፋው ካርዱን ያን ያህል ስለማያስሮጠው ነው።

ግን ምጣዱ ብቻ አይደለም። ምጣድ በሌለባቸው ቀናትም ጠፍቶብሃል፤ ይህ የወረቀቱን ሁለተኛ መስመር እንድናነብ ያስገድደናል። ፓወር ሰፕላይህ ፊቱ ላይ በትልቁ «500 ዋት» ይላል። ከታች በደቃቃ ፊደል ግን 12 ቮልቱ 18 አምፔር እንደሚሰጥ ተጽፏል። አባዛው፦ 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው። ጌም የሚበላው ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚህ መስመር ነው። አር ኤክስ 580 ብቻውን እስከ 185 ዋት ይደርሳል፤ ፕሮሰሰርህ 65 ዋት የተባለለት ነው፤ ድምሩ 250። ማራገቢያውንና ዲስኩን ገና አልቆጠርሁም። 216 ያለው ሰው 250 ተጠይቆ ለ20 ደቂቃ መቆየቱ ራሱ ይገርማል። ፓወር ሰፕላይ የምትገዙ ሁሉ፣ እባካችሁ ፊቱ ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር አትመኑ፤ የ12 ቮልቱን አምፔር ፈልጋችሁ አባዙ።

የገመዱ ነገር ደግሞ አስደንግጦኛል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ካርዱ ባለ ስምንት እግር መሰኪያ ይፈልጋል፤ ፓወር ሰፕላይህ ግን እንዲህ ያለ ገመድ የለውም። ሻጩ ለዲስክ የሚሆነውን ባለ አራት እግር ገመድ በመቀየሪያ አያይዞ ሰክቶታል። የመቀየሪያው ነጭ ፕላስቲክ በአንድ በኩል ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት መስሏል፤ ከቢጫው ሽቦ ሥር ያለችው ቀዳዳ ጠርዟ ቀልጦ ወደ ውስጥ ገብቷል። ይህ የእሳት መጀመሪያ ነው። ዛሬ ማታ ከባድ ጌም አትክፈት። ኮምፒውተሩን ለጽሑፍና ለፊልም ተጠቀምበት፤ ፓወር ሰፕላዩ እስኪቀየር ድረስ ጌሙ ይቆይ።

የምትገዛው እንግዲህ ካርድ ሳይሆን ፓወር ሰፕላይ ነው። 550 ዋት ይበቃሃል፤ ግን 12 ቮልቱ ከ40 አምፔር በላይ የሚሰጥ፣ የ80 ፕላስ ምልክት (ኃይል እንደማያባክን የሚመሰክር) ያለው፣ ባለ ስምንት እግሩ የካርድ ገመድ ከራሱ የሚነሣ ይሁን። ወረቀቱ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ የመስመር መድከምን ከአሁኑ ይልቅ ይችላል። ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ ያለውን ግን ተወው። ያን ማዞሪያ ሕፃን ነካክቶ ወደ 115 ከገፋው በእኛ አገር መስመር ላይ በሰከንድ ይፈነዳል። በእጅህም መዝነው፤ ደኅና ፓወር ሰፕላይ ከበድ ይላል። አሮጌውን ደግሞ ለመጠገን ብለህ እንዳትከፍት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ያ በርሜል ያልሁህ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ሰው ይገድላል።

እናትህን «ምጣዱን አጥፊ» እንዳትላቸው። እንጀራው ይቀድማል። ዘላቂው መፍትሔ ምጣዱ ከቆጣሪው የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ማጥፊያ እንዲኖረው ማድረግ ነው፤ ይህን ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሥራው። ለሶኬቶቻችሁም ለሽቦዎቻችሁም ይበጃል። እስከዚያው ማክሰኞና ዓርብ ማታ ጌሙን አቆይ። ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ የሚያስተካክል መሣሪያ) ልግዛ ብለህ ነበር፤ ለኮምፒውተሩ ብቻ ከሆነ ባለ 1,000 ቪኤ ይበቃል። ብቻ ምጣዱንና ኮምፒውተሩን በአንድ ዲቫይደር ላይ እንዳላይ!

አሁን «ፓወር ሰፕላዩን ቀይሬ ደግሞ ቢጠፋብኝስ?» ትለኝ ይሆናል። ተገቢ ሥጋት ነው፤ አንድ ማሽን ሁለት ሕመም ሊኖረው ይችላል። ፓወር ሰፕላዩን ለመቀየር መክፈትህ ስለማይቀር በዚያው ሦስት ነገር ሥራ።

አንደኛው የመንገዱ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ካርዱ እንደ ተሰካ በአውቶቡስ ሆድ ተጭኖ ነው የመጣልህ። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ደጀን እስኪወጣ ያለውን መንገድ የምናውቀው እናውቀዋለን። ከባድ ካርድ በአንድ ብሎን ተንጠልጥሎ ያን ሁሉ ሲንገጫገጭ ከመሰኪያው በፀጉር ስፋት ይለቃል። ሲበርድ ይሠራል፣ ሲሞቅና ብረቱ ሲለጠጥ ይለቃል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለአሥር ሰከንድ ተጭነህ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጣ፣ የሣጥኑን ብረት ነክተህ እጅህን ከስታቲክ አጽዳ። ከዚያ ካርዱንም ራሙንም አውጥተህ እንደገና «ቀጭ» እስኪል ስካ። የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በንጹሕ ነጭ ላጲስ በቀስታ ጠርገህ ብናኙን አራግፍ። ኮምፒውተር ከሩቅ የምታስመጡ ሁሉ፣ ካርዱ ወጥቶ ለብቻው እንዲታሸግ ሻጩን ለምኑት።

ሁለተኛው አቧራውና ሙቀቱ ነው። እህል ነጋዴ ቤት መሆንህን ስትነግረኝ ሣሎናችሁን በዓይኔ አየሁት። ወደ ሱቄ ከሚመጡት ኮምፒውተሮች የእህል ቤቶቹን ሳልጠይቅ አውቃቸዋለሁ። የፕሮሰሰሩን ማራገቢያ ሳነሣ ከሥሩ ያለው የአሉሚኒየም ክንፍ አይታይም፤ አቧራ፣ የጤፍ እብቅና የዕጣን ጢስ አንድ ላይ ተጋግረው እንደ በርኖስ ጨርቅ ሸፍነውታል። በጣት ስትነካው ተጠቅልሎ አንድ ቁራጭ ሆኖ ይነሣል። ከሥሩ ያለው ብረት አየር ሳያገኝ ነው የሚውለው።

በዚያ ላይ የእኛ አገር ከፍታ አለ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፍኖተ ሰላም ዝቅ ብትልም ከዚህ ሕግ አታመልጥም። ማራገቢያው በደቂቃ ያው ዙር ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ብርዳችን ይካክሰዋል የሚሉ አሉ፤ ደብረ ማርቆስ በክረምት እውነት ነው፤ በሚያዝያ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግን አይደለም።

ስታጸዳ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ያዝ፤ ማራገቢያውን እንዳይሽከረከር በጣትህ ያዘውና ጥረገው። እባክህ ጎሚስታ ቤት ወስደህ በጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር አታስነፋው። ኮምፕረሰሩ ከአየሩ ጋር ውኃና ዘይት ይረጫል፤ ጉልበቱም የማራገቢያውን ክንፍ ይሰብራል። በዚህ ምክንያት ብቻ የሞቱ ማዘርቦርዶች እጄ ገብተዋል። ካጸዳህ በኋላ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ከሆነ በአልኮል ጠርገህ የሽንብራ ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት አድርግበት። ከዚያ ኤች ደብሊው ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭነህ እየተጫወትህ ሙቀቱን አስመዝግብ። የፕሮሰሰርህ ጣሪያ 95 ዲግሪ ነው፤ እኔ ከ80 ባያልፍ ደስ ይለኛል። ካርዱም ከ80 ዲግሪ እምብዛም ባይዘል ይመረጣል።

ሦስተኛው የጨመርኸው ራም ነው። አንዱ ከአንዱ ጋር ካልተስማማ ጌሙ ድንገት ተዘግቶ ወደ ዊንዶውስ ይመልስሃል፣ ወይም ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ያንተ ደብተር ላይ ሰማያዊ ስክሪን አንድም ጊዜ የለም፤ ስለዚህ ብዙ አልጠረጥረውም። ቢሆንም ሜምቴስት 86 የሚባለውን የራም መፈተኛ ፕሮግራም በፍላሽ ጭነህ አንድ ሌሊት አስኪደው። በማግሥቱ ጠዋት አንዲት ስሕተት እንኳ ካሳየ እያንዳንዱን ራም ለየብቻ ፈትነው።

ዊንዶውስን እንደገና መጫኑን ግን ተወው። ሁለት ጊዜ ጭነህ ካልተለወጠ ሦስተኛው አይለውጠውም። ይልቅ ዊንዶውስ የጻፈልህን አንብብ። ኢቨንት ቪወር የሚባለውን ክፈትና ኮምፒውተሩ የጠፋበትን ደቂቃ በሲስተም መዝገብ ውስጥ ፈልግ። ከርነል ፓወር 41 የሚል ታገኛለህ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ፓወር ሰፕላይ ማለቱ ነው» ይላል፤ ስሕተት ነው። 41 የሚለው ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ መነሣቱን ብቻ ነው። ዝርዝሩን ስትከፍት የባግ ቼክ ኮዱ (የስሕተቱ ቁጥር) 0 ከሆነ ዊንዶውስ ስሕተት ለመጻፍ እንኳ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ወይም ማሽኑ ጨርሶ ሲደርቅ እንዲህ ይሆናል። አንተ የላክኸው ሰባቱም 0 ናቸው። በ4101 ቁጥር የካርዱ ድራይቨር ቆሞ እንደ ተመለሰ የሚናገር መዝገብ ብታገኝ ግን ዓይናችንን ወደ ካርዱና ወደ ድራይቨሩ እንመልሳለን።

ከፓወር ሰፕላዩ በኋላም ችግሩ ቢቀጥል ብር የማያስወጣ አንድ ፈተና አለ። ፕሮሰሰሩን ለብቻው ፕራይም 95፣ ካርዱን ለብቻው ፈርማርክ በሚባሉ መፈተኛ ፕሮግራሞች ለአሥር አሥር ደቂቃ አስጨንቃቸው፤ ከአጠገባቸው ሳትነሣ፣ ሙቀቱን እያየህ። ፕሮሰሰሩ ለብቻው ከወደቀ ጥርጣሬው በእሱና በራሙ፣ ካርዱ ለብቻው ከወደቀ በካርዱ ላይ ነው። ለየብቻ አልፈው አብረው ሲሠሩ ብቻ ከወደቁ አሁንም ኃይል ነው። ይህን የምትሠራው አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ከገባ በኋላ ብቻ ነው፤ በዚያ በቀለጠ መቀየሪያ ላይ ፈጽሞ እንዳትሞክረው። አንድ ዕቃ በለወጥህ ቁጥር ደግሞ ሁለት ቀን ተጫውተህ ደብተርህ ላይ ጻፍ፤ ሦስት ዕቃ በአንድ ቀን ለውጠህ ከዳነ መድኃኒቱ የትኛው እንደ ነበር አታውቅም።

ጥያቄ፦ «ከባሕር ዳር ነኝ። ወንድሜ ከውጭ አገር ኮር አይ 7 14700ኬ የተገጠመለት ኮምፒውተር ላከልኝ። ካርዱ 12 ጊጋባይት አለው። አንዳንድ ጌም ገና ሲከፈት ‹የቪዲዮ ሜሞሪ አልበቃም› ብሎ ይዘጋል። 12 ጊጋባይት እንዴት አይበቃም?»

መልስ፦ ይበቃል፣ እኅቴ። መልእክቱ የሚከሰው ካርዱን ነው፤ እኔ የምጠረጥረው ግን ፕሮሰሰሩን ነው። ኢንቴል በ2024 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ራሳቸውን እንደሚጎዱ በይፋ አስታውቋል። ጉዳቱ ቀስ በቀስ ነው የሚመጣው። ጌም ሲከፈት ብዙ የታመቀ ፋይል ይፈታል፤ ሥራው የፕሮሰሰሩ ነው። የተጎዳ ፕሮሰሰር እዚያ ላይ ሲሳሳት ጌሙ ምክንያቱን ሳያውቅ «ሜሞሪ አልበቃም» ይላል።

ኩባንያው ማረሚያውን በነሐሴና በመስከረም ወር አካባቢ 0x129 እና 0x12ቢ በተባሉ ማይክሮኮዶች (ፕሮሰሰሩን ከውስጥ በሚያዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች) አውጥቷል፤ የሚገባው በማዘርቦርዱ ባዮስ (ኮምፒውተሩን በሚያስነሣው ፕሮግራም) በኩል ነው። የማዘርቦርድሽን ሞዴል አይተሽ የመጨረሻውን ባዮስ ከአምራቹ ገጽ አውርጂና ጫኚ። ሲጫን መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊሞት ስለሚችል ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) አትጀምሪ። ከዚያ በባዮሱ ውስጥ የኢንቴልን መደበኛ አሠራር ምረጪ።

የሚያስከፋውን ነገር ልደብቅሽ አልፈልግም፦ ማረሚያው ወደ ፊት የሚመጣውን ጉዳት ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። ባዮሱ ገብቶም ጌሙ ከተዘጋ ፕሮሰሰሩ መቀየር አለበት። ደስ የሚለው ለእነዚህ ፕሮሰሰሮች ዋስትናው በሁለት ዓመት መራዘሙ ነው። ደረሰኙ በወንድምሽ እጅ ስለሆነ ዛሬውኑ ደውይለትና እንዳይጥለው ንገሪው።

ጥያቄ፦ «ቡሬ ላይ በሁለት ክፍል ሦስት ኮምፒውተር ያለው የጌም ቤት አለኝ። ከሳምንት ወዲህ ሦስቱም በአንድ ቅጽበት ይጠፋሉ። አንዳንዴ የአንደኛው ክፍል አምፖል ከልክ በላይ ይደምቅና የሌላው ይደበዝዛል። ትናንት የአንዱ ፓወር ሰፕላይ ጮኾ ጢስ ወጣው። ቫይረስ ይሆን?»

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም፣ ወንድሜ፤ የኮምፒውተርም ችግር አይደለም። አንዱ አምፖል ሲደምቅ ሌላው የሚደበዝዘው የቤትህ ኒውትራል ሽቦ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ) አንድ ቦታ ላይ ስለላላ ወይም ስለተበጠሰ ይመስለኛል። ባለ ሦስት ፌዝ (ሦስት የኃይል ሽቦ ያለው) መስመር ላይ ኒውትራሉ ሲለቅ አንዱ ክፍል ከ220 እጅግ የበለጠ፣ ሌላው እጅግ ያነሰ ቮልት ይደርሰዋል። የጢሱ ምክንያት ይኸው ነው። ቀጥሎ የሚጤሰው ሌላ ኮምፒውተር ወይም የቤቱ ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ ያ ቤት ደግሞ ማታ ማታ ልጆች የሚሞሉት ቤት ነው።

ይህን እንዳነበብህ ዋናውን ማጥፊያ ከቆጣሪው ላይ አውርድ፤ ማጥፊያውን ስትነካ እጅህም ጫማህም ደረቅ ይሁን። ሶኬት አትክፈት፣ ሽቦ አትንካ። ለአካባቢህ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ደውለህ «ኒውትራል ለቋል» ብለህ በእነዚህ ቃላት ንገራቸው። በዚያው መስመር ላይ ያሉ ጎረቤቶችህም ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን እንዲነቅሉ አሁኑኑ በር እያንኳኳህ ንገራቸው። መስመሩ ተሠርቶ በሁሉም ሶኬት ላይ ቮልቴጁ በቴስተር ተለክቶ 220 አካባቢ እስኪሆን ድረስ ጌም ቤቱን አትክፈት።